«ኮምቦልቻ ቀረ»፦ የአንድ የጦር ጓደኛ ፍለጋ በደሴና በቃሉ

ይህ ዘገባ በ2015 ዓ.ም. ከጥር እስከ ሰኔ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በቃሉ ወረዳ ገጠሮች የተካሄደውን የአንድ ሰው ፍለጋ ከመነሻው ጀምሮ ያቀርባል። ተፈላጊው በ1969 ዓ.ም. ከደሴ ለዘመቱ አንድ አባት የጦር ሜዳ ጓደኛ የነበረ ሰው ነው፤ ፈላጊዋ ደግሞ የእኚህ አባት የመጨረሻ ልጅ፣ በከተማዋ የምታስተምር መምህርት ናት። እኔ በጉዳዩ የገባሁት፣ ለረጅም ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ጎረቤት የድሮ ወረቀትና ፎቶግራፍ ይዞ ሲመጣ ማንበብ ልማዴ ሆኖ ነው። የባለጉዳዮቹን ስም አልጻፍኩም። ስም ባለመኖሩ የሚጎድል ነገር የለም፤ እንዲያውም አንባቢ እንደሚያየው ከስድስቱ ወር አብዛኛው የተበላው በስም ምክንያት ነው።

በእጃችን የነበረው

አባትየው ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተይዟል። የሚነገራቸውን ይሰማሉ፣ ሰው ይለያሉ፣ ሬዲዮ ይከታተላሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚህ ጥቂት ቃላት መካከል፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ የሚደጋግሟቸው ሁለት ናቸው፦ «ኮምቦልቻ ቀረ»። ልጃቸው ወደ እኔ የመጣችው ይህን ይዛ ነው።

ከስትሮኩ በፊትም ቢሆን ስለ ጦርነቱ ብዙ የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ልጆቻቸው የሚያውቁት አባታቸው በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ሚሊሺያ ሆነው መዝመታቸውን፣ ጅጅጋ አካባቢ እግራቸውን ቆስለው ሐረር ሆስፒታል መተኛታቸውን፣ አንድ ጓደኛቸው ተሸክሞ ከተኩስ እንዳወጣቸው፣ ያን ጓደኛቸውንም ከዚያ በኋላ ዳግመኛ እንዳላዩት ነው። «ተሸክሞ ያወጣው ጓደኛ» የቤቱ ወሬ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ማን እንደተናገረው ስጠይቅ ሁሉም «አባባ ናቸዋ!» ይላሉ እንጂ መቼና በምን ቃል እንደተናገሩት የሚያስታውስ አላገኘሁም። ይህን በጊዜው ልብ ማለት ነበረብኝ።

ወረቀት አልነበረም ማለት ይቻላል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ወቅት ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሸሽቶ ነበር። ሲመለሱ አባትየው መታወቂያቸውን፣ የሆስፒታል ወረቀታቸውንና ደብዳቤዎቻቸውን ያኖሩበት የቆርቆሮ ሳጥን ተገልብጦ አገኙት፤ ውስጡ የነበረው ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ በዝናብ ረጥቧል። የተረፈው ግድግዳ ላይ በክፈፍ የተሰቀለ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ፎቶግራፉ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ወጣቶች የወታደር ልብስ ለብሰው በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆመዋል። አባትየው በግራ ጠርዝ በኩል ናቸው፤ ተፈላጊው ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ አገጩ ሾጠጥ ያለ ሰው ነው። የግራው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል፤ በአባትየው ትከሻ ላይም ከውጭ የመጡ የሚመስሉ አራት ጣቶች ይታያሉ። እኔ ይህን ለክፈፉ እንዲመጥን የተደረገ ቆረጣ አድርጌ ስለወሰድኩት በማስታወሻዬ ላይ «ጠርዙ ተቆርጧል» ከማለት በቀር ምንም አልጨመርኩም። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪፕቶ ሁለት መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው «ከኮምቦልቻ» ይልና ከቻ ቀጥሎ መቀሱ የከፈለው የአንድ ፊደል ጭረት ይቀራል። ሁለተኛው «ሐረር 25/12/69» ይላል።

በቀኑ ላይ ሁለት ሳምንት ጠፋብን። ውጭ አገር ያለው ወንድማቸው ምስሉ በስልክ ሲላክለት በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦት፣ አባቱ በ1969 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት፣ ማለትም በንጉሡ ዘመን፣ ሐረር ነበሩ ብሎ ደመደመና ቤተሰቡን ሁሉ አሳመነ። አባትየው በዚያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሆነው ደሴ ውስጥ ይሠሩ እንደነበር የሚያውቁት ባለቤታቸው ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም። በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለተኛው ወር ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ የተነሳው ነሐሴ 25 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው።

ቀኑ ከተቃና በኋላ የቀረው ቦታ ቦታውን ያዘ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ከተላለፈ በኋላ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጣው ሚሊሺያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ከዚህ ሚሊሺያ ብዙው ወደ ምሥራቅ ግንባር ተጫነ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የካራማራ ሰንሰለትና የማርዳ በርም አብሮ ተለቀቀ። ኢትዮጵያውያንና የኩባ ወታደሮች ጅጅጋን መልሰው የያዙት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወጣቶች ፎቶ ቤት ገብተው የቆሙት ጅጅጋ ልትወድቅ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነበር።

የኮምቦልቻ ወራት

ቤተሰቡ የአባትየውን ቃል የተረዳው ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንደሚረዳው ነው። «ልጁስ?» ሲባል «ደሴ ቀረ» ብንል «ደሴ ላይ ቀረ» ማለታችን ነው፤ መስተዋድዱ ባይኖርም የሚሳሳት የለም። ስለዚህ «ኮምቦልቻ ቀረ» ማለት ሰውየው ከዘመቻ ሲመለስ ኮምቦልቻ ላይ ወርዶ እዚያው ኖረ ማለት ሆነ። «ከኮምቦልቻ … ሐረር» የሚለው የፎቶግራፉ ጽሑፍም የጉዞ መነሻና መድረሻ መስሎ ይህንኑ የሚደግፍ ሆኖ ታየን። እኔም ያለ ክርክር ተቀበልኩት።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐረጎ ቁልቁለት ሚኒባሱ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ለብርዱ የተደረበው ጋቢ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሸክም ይሆናል። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከልጃቸው ጋር ይህን መንገድ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰናል። መጀመሪያ የየሰፈሩን እድር ሊቀመንበሮች አነጋገርን፤ የእድር መዝገብ ሰው መቼ እንደገባና ከየት እንደመጣ ስለሚይዝ ከቀበሌ መዝገብ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኞች ጋር ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ተቀመጥን። ቅዳሴ ሲወጣም፣ የጁምአ ሶላት ሲያበቃም በር ላይ ቆመን ጠይቀናል።

ብዙ የቀድሞ ወታደር አገኘን፤ የምንፈልገው ግን አልነበረም። አንዱ ናቅፋ የከረሙ ነበሩ። አንዱ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ከኤርትራ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። ሦስተኛው አዛውንት ጥያቄያችንን ሰምተው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ነኝ» አሉን። መምህርቷ እንባዋን መግታት አቃታት። ፎቶ ቤቱን፣ ቁስሉን፣ ሐረርን ስንጠይቃቸው ግን አንዱም አልገጠመም፤ በመጨረሻም ብቻቸውን እንደሚኖሩና ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ብሏቸው እንደሆነ ራሳቸው ነገሩን። ልጅቱ አልተቀየመቻቸውም፤ ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ቡና ይዛ ትጠይቃቸው ነበር። ከፍለጋው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግኩም።

በመዝገብ በኩል የሄድንበትም መንገድ አልሰመረም፤ ምክንያቱ ግን ከመሥሪያ ቤት ስንፍና ይልቅ የእኛ አለማወቅ ነው። በሰኔ 1983 ዓ.ም. የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም የተቋቋመው ኮሚሽን እጅግ ብዙ ሰው መመዝገቡን ስለማውቅ ተፈላጊው እዚያ ይገኛል ብዬ ነበር። ያ ምዝገባ ግን በ1983 ዓ.ም. በሠራዊቱ ውስጥ የነበሩትን የሚመለከት ነው፤ አባትየው በ1971 ዓ.ም. በጉዳት ምክንያት ተሰናብተዋል፣ ጓደኛቸውም ከዚያ በፊት ከጦሩ ተለይቷል። አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ «ነገ ኑ» ብሎ በአራተኛው ሙሉ ስም ከነአያት ጠየቀን፤ እኛ የነበረን ስም ደግሞ ዜሮ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነትና በአደጋ የተለያዩ ዘመዳሞችን የሚያገናኝበት አገልግሎት አለው፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን በቤተሰብ በኩል ነው። የእኛ የወዳጅ ጥያቄ ነበር፤ ያውም ስም የሌለው።

«ኮምቦልቻ ማን ነው?»

ነገሩ የተፈታው ኮምቦልቻ ሳይሆን ደሴ ላይ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ የሚሊሺያ ዘማች እንደነበሩ ሰምቼ በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ጠበቅኳቸው። ታሪኩን ከመነሻው ሳወራላቸው ቆይቼ «ኮምቦልቻ ቀረ» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጡኝና «ኮምቦልቻ ማን ነው?» አሉኝ።

«የት» አላሉም፤ «ማን» ነው ያሉት። ሦስት ወር ሙሉ ያን ጥያቄ ያልጠየቅነው፣ የቦታ ስም የሰው ስም ሊሆን እንደሚችል ጠፍቶን ሳይሆን ቦታው ቅርባችን ስለነበር ነው። ከደሴ በሚኒባስ የሚደረስበት ከተማ ሲጠራ ከዚያ አልፎ የሚያስብ ሰው የለም። አዛውንቱ ያስረዱኝን በራሳቸው ቃል አስቀምጠዋለሁ፦ «ታጠቅ ስንገባ በእኛ ድንኳን ብቻ አራት መሐመድ፣ ሦስት ሰይድ፣ ሁለት አበበ ነበርን። አለቃው አንዱን ሲጠራ አራት ሰው ይነሳል። የአባት ስም ቢጨመርም ያው መሐመድ አሊና አሊ መሐመድ ነው። ስለዚህ በአገራችን ተጠራራን። ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ ‹ኩታበር› ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካለ ዞር የምለው ታጠቅ አብሮኝ የነበረ ሰው መስሎኝ ነው።»

እዚህ ላይ አዲስ ጥርጣሬ መጣ። ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የእኛው፣ ሁለተኛው ከሐረር በስተሰሜን የሚገኘው፣ በአትክልቱና በጫቱ የሚታወቀው የሐረርጌው ኮምቦልቻ ነው። ጦርነቱ የነበረው ሐረርጌ፣ ፎቶግራፉም የተነሳው ሐረር ስለሆነ ሁለተኛውን መጣል አልተቻለም። ይህን የለዩልን ከዚህ ቀደም ያልጠየቅናቸው የአባትየው ባለቤት ናቸው። እሳቸው ጓደኛውን አያውቁትም፤ ነገር ግን ባላቸው በደህናው ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲሄዱ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ «እዚህ ጋ ነው የተሳፈረው» ይሉ እንደነበር ትዝ አላቸው። ልጃቸው ለምን እስከዛሬ እንዳልነገሯት ስትጠይቅ «ማን ጠየቀኝ?» አሏት። ትክክል ናቸው።

የቀጣዩ መረጃ ትርጉምም ከዚሁ ወጣ። «ተሳፈረ» የተባለው ሰው የተመለመለው ኮምቦልቻ ነው ማለት ነው እንጂ ኮምቦልቻ ተወልዶ አድጓል ማለት አይደለም። ዘበኛው እንዳሉኝ ከቃሉ ገጠር የመጣው ወጣት ሁሉ ኮምቦልቻ ላይ ተሰብስቦ ስለተጫነ ጓዶቹ የሚያውቁት በዚያ ስም ነበር። የከተማውን እድር ሁሉ ብናዳርስ የማናገኘው ለዚህ ነው።

«ቀረ» ምን ማለት ነው

የስሙ ጉዳይ ሲቃና የግሡ ጉዳይ መጣ። ኮምቦልቻ የሰው ስም ከሆነ «ቀረ» ከእንግዲህ «ኖረ» ማለት አይደለም። ልጃቸው ወዲያው «እንግዲያው ሞቷል» ብላ ፍለጋውን ልታቆም ነበር። እኔ ደግሞ ከአንድ ጊዜ ስህተት ተምሬ ዘበኛውን እንደገና ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ሞተ ለማለት ሬሳውን ያየ ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ። «ተማረከ ማለት በዚያን ጊዜ ለቤተሰብም አይበጅም፣ ማንም በልበ ሙሉነት አይናገረውም። ከዳ ብትል ወንድምህን አሳጣኸው። ወደ ኋላ ስናፈገፍግ ተቆጥረን የጎደለውን ሁሉ ‹ቀረ› ነበር የምንለው። ሦስቱንም አይልም፤ ሦስቱንም ግን ያቅፋል።»

ከሦስቱ መካከል ለፍለጋ የሚያመች ዱካ የሚተወው ምርኮ ነው። በሶማሊያ ጦርነት የተማረኩ ኢትዮጵያውያን ጦርነቱ ሲያበቃ አልተለቀቁም። ሁለቱ መንግሥታት ግንኙነታቸውን ለማደስ የተስማሙት በ1980 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከ3 ሺህ 500 በላይ ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው አሥራ አንድ ዓመት ያህል የታሰሩ ነበሩ፤ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት የጦር አውሮፕላን አብራሪው ለገሰ ተፈራ ናቸው። ስለ ጀግና አብራሪ ብዙ ተጽፏል፤ አብረው ስለተመለሱት ተራ ወታደሮችና ሚሊሺያዎች ግን የሚያወራው ከሞላ ጎደል የተመለሱበት መንደር ብቻ ነው።

መንደሩ የሚያወራበት ምክንያትም አለ። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ልጅ በወሎ ገጠር ዝም ብሎ አይጠበቅም። እስላም ከሆነ ሰደቃው ይወጣል፣ ወዳጃ ተቀምጦ ዱአ ይደረግለታል፤ ክርስቲያን ከሆነ ተስካሩ ይበላል። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው በእግሩ ሲመጣ ያን ቀን የሚረሳ ጎረቤት አይኖርም። ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀየርነው። «ሐረር የዘመተ ሰው ታውቃላችሁ?» ማለት ትተን «ሰደቃው ከወጣ በኋላ የተመለሰ ሰው አለ?» ማለት ጀመርን።

ቃሉ ውስጥ

በወሎ ገጠር ለቀብርና ለለቅሶ የሚተባበረው ማኅበር ቅሬ ይባላል። ከከተማው እድር የሚለየው መዝገብ ያለመያዙ ነው ይባላል፤ በእኔ ግምት ግን መዝገቡ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ባሉ ሦስት የገጠር ቅሬዎች ዘንድ ሄደናል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሰው አያውቅም። ሁለተኛው አንድ ሰው ቢጠቅስም ሰውየው የተማረኩት ኤርትራ ውስጥ በሻዕቢያ ስለነበር አልገጠመም። በሦስተኛው ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ የቅሬው ዳኛ ከት ብለው ሳቁና «ሰደቃውን የበላንለት ሰውማ ይኸው ከዋርካው ሥር ተቀምጧል!» አሉ።

ሰውየው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንድ ዓይናቸው አያይም፤ ሌላውም ደክሟል። ስልኬ ላይ ያለውን የፎቶግራፉን ምስል ብሰጣቸውም አላዩትም፤ ዋናው ደግሞ ደሴ፣ አባትየው አጠገብ ነበር። እንዲያውም ይህ ጠቀመን፤ በኮምቦልቻው አዛውንት እንደሆነው ሰው ያየውን ምስል ተከትሎ እንዳይናገር ያለ ፎቶግራፍ መጠየቅ ይሻል ነበርና። ከማን ጋር እንደዘመቱ ስጠይቃቸው «ከደሴ ጋር» አሉ። ፎቶ ተነስተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሐረር፣ ከመጋረጃ ፊት፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል» አሉ። የደሴው ልጅ የት ላይ ቆሰለ ስላቸው የራሳቸውን ቀኝ ጭን መቱ። መምህርቷ ቃል አልወጣትም፤ አባትዋ የሚያነክሱት በቀኝ እግራቸው ነው።

የተማረኩት ከማርዳ በር ሲያፈገፍጉ ነው። ስለ እስር ቤቱ ብዙ አላወሩንም፣ እኛም አልጎተጎትናቸውም። የተመለሱበት ቀን ግን በዝርዝር ተነገረን፤ የነገሩን እሳቸው ሳይሆኑ የተሰበሰበው ጎረቤት ነው። በመስከረም 1981 ዓ.ም. እናታቸው ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ከፊታቸው የቆመውን ሰው ጅን መስሏቸው እንስራውን ጥለው እንደሮጡ፣ እሳቸውም «እማ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ከኋላ እንደተከተሉ፣ የሰደቃው በሬ ዋጋ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ እንደሚጠየቁ ሁሉም በየተራ አወጉን።

እሳቸውም ጓደኛቸውን ፈልገው ነበር። በተመለሱ በሁለተኛው ወር ደሴ ወጥተው ፒያሳ ላይ «ደሴ የሚባል፣ ሐረር የዘመተ ልጅ» እያሉ ሲጠይቁ የሰዉ መሳቂያ ሆኑ። «የተጸውዖ ስሙንም አውቀው ነበር፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የደሴ ሰው ስንት ነው?» አሉ። ሁለት ቀን ቆይተው ገንዘባቸው ሲያልቅ ተመለሱ። እኛ ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ላይ ስንፈልግ የቆየንበት ስህተት ከእኛ በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ልጅቱ ስትሰናበት ጉልበታቸውን ስማ «አባቴን ተሸክመው ያወጡ ሰው ነዎት፤ ያለ እርስዎ እኔም አልኖርም ነበር» አለቻቸው። እሳቸው ራሷን ዳብሰው «አብሽሪ፣ ልጄ» ብቻ አሉና ፊታቸውን ወደ ዋርካው አዞሩ። በማስታወሻዬ ላይ «ትሑት ሰው ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።

ደሴ ላይ

በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ከወንድ ልጃቸው ጋር ወደ ደሴ መጡ። ብርዱን ፈርተው ሁለት ጋቢ ደርበው ነበር። አባትየው በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚነካው ወንበራቸው ተቀምጠዋል። እንግዳው በልጃቸው እጅ እየተመሩ ቀርበው ሲያቀረቅሩ አባትየው በግራ እጃቸው የጋቢውን ጫፍ ያዙና «ኮምቦልቻ» አሉ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያስከትሉትን ቃል አላስከተሉም። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ባለቤታቸው ቡና ሲያቀርቡ ነው እንደገና ድምፅ የተሰማው።

ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርደን ለእንግዳው ሰጠናቸው። ደህናው ዓይናቸው አጠገብ አድርገው፣ ወደ ፀሐይ አዙረው ቆይተው «ባቲስ?» አሉ።

የትኛው ባቲ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ በዚህ ጊዜ «ማን ነው?» ማለትን ተምሬያለሁ። ፎቶ ቤት የገቡት ሦስት ሆነው ነበር። «ባቲ» የሚሉት ጓደኛቸው በአባትየው ግራ ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፏል። አባትየው ጭናቸውን ሲመቱ ተሸክሞ እስከ መኪናው ያደረሳቸው እሱ ነው፤ አድርሶ ወደ መስመሩ ሲመለስ ተመታ። «እኔ አልተሸከምኩትም» አሉ እንግዳው ወደ ልጅቱ ዞረው፤ «ያን ቀን በሰው ፊት ላሳፍርሽ አልፈለግኩም። እኔ ሬሳውን አይቻለሁ። እሱም ሆስፒታል ሆኖ መርዶውን ሰምቷል፤ ለዚህ ነው ስለ ባቲ ‹ቀረ› የማይለው።»

ፎቶግራፉን አገላብጬ ጀርባውን አየሁ። ከ«ከኮምቦልቻ» ቀጥሎ ያለው የተከፈለ ጭረት የና መጀመሪያ ነው። መስመሩ ሙሉ ሲሆን «ከኮምቦልቻና ከባቲ ጋር» ይል እንደነበር እንግዳው ከአፋቸው ነገሩን፤ ሲጻፍ አጠገቡ ቆመው ነበር።

ቡና የሚያቀርቡት ባለቤታቸው ስኒውን አስቀመጡ። በ1972 ዓ.ም. ገና በተጋቡበት ዓመት፣ ባላቸው በምርኩዝ ይሄዱ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ተነስተው ለባቲ ገበያ እሄዳለሁ ብለው እንደወጡ፣ ማታ ምንም ሳይገዙ፣ ጨው እንኳ ሳይዙ እንደተመለሱና ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሱ ተናገሩ። አዲስ ሙሽራ ስለነበሩ ምክንያቱን አልጠየቁም፤ በኋላም ሳይጠይቁ ቀሩ።

ልጅቱ ከአባትዋ ወንበር አጠገብ ተንበርክካ «አባባ፣ የባቲን ፎቶ ቆርጠው ለእናቱ ነው የሰጡት?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ስለ መንገድ ነበር። የልጁ ወንድሞች ወይም እህቶች ዛሬም ባቲ ይኖሩ እንደሆነ፣ ቁራጩ ፎቶግራፍ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ከየት መጀመር እንደሚሻል ተነጋገርን። እኔ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ስም እየጠራሁ ዝርዝር ልጽፍ ስል እንግዳው ደብተሬን በመዳፋቸው ከደኑትና «ሰኞ እንሂድ፤ ሰኞ ሁሉም ገበያ ይወጣል» አሉ።